እርስዎ ይቅደሙ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። የ2096 ዓ.ም. ጉድ ግን አንድ ወር ዘግይቶ በጥቅምት መጣ። ስንቅነሽ ቱፋ ጥርሷን እየቦረሸች ሳለ ስልኳ «እንኳን ደስ አለሽ» አላት። አርባ አራት ዓመት የኖረ ሰው፣ ስልክ እንኳን ደስ አለህ ሲለው ደግ ነገር እንደማይከተል ያውቃል። ስንቅነሽም አፏን ሳትጉመጠመጥ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ዕጣ ወጥቶባት ነበር። ለአንድ ሳምንት የብሎክ መቶ ሰባት የውጭ ደረጃ ተረኛ እሷ ናት፤ ሐሙስ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ደግሞ ፍተሻ ይመጣል።

ብሎክ መቶ ሰባት ሰባት ፎቅ ነው፤ መቶ አርባ ሦስት ተከራይ አለበት። በአንድ ክፍል አራት ሰው፣ ለአራቱ ሰው ሁለት አልጋ፤ ሁለቱ ሲሠሩ ሁለቱ ይተኛሉ። የውስጡ ደረጃ ሲሠራ ደረጃ ነበር። ከሠላሳ ዓመት ወዲህ ግን በየፎቁ ተደፍኖ መኝታ ክፍል ሆኗል፤ እዚያ የሚኖሩት ሰዎች ወለላቸው ቁልቁል ስለሆነ አልጋቸውን በገመድ ግድግዳ ላይ ያስራሉ። ስለዚህ ወደ መሬት የሚያደርሱ ሁለት መንገዶች ብቻ ቀርተዋል። አንዱ ሊፍቱ ነው፤ እሱ የአክብሮት ነጥቡ ከስልሳ በታች ለሆነ ሰው በሩን አይከፍትም። ሁለተኛው ከሕንፃው ጀርባ የተለጠፈው የብረት ደረጃ ነው። እሳት ቢነሣ ሰው ሁሉ የሚያመልጠው በሱ ነው።

የአክብሮት ነጥብ ሲጀመር አገሩ ሁሉ ደስ ብሎት እንደነበር ይወራል። ለታላቁ ከመቀመጫው የተነሣ ሁለት ነጥብ ያገኛል፤ እንግዳ የሸኘ አምስት፤ ሌላውን ቀድሞ በበር ያለፈ ሰው ደግሞ ሦስት ይቀነስበታል። ስልክ ያያል፣ በር ይቆጥራል። በእርግጥ ድሮም እዚህ አገር በር ላይ «ይግቡ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ»፣ «በሞቴ» መባባል ነበር። ነገር ግን ድሮ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተባባሉ በኋላ አንዱ ይሸነፍ ነበር። ነጥቡ ከመጣ ወዲህ ማን ይሸነፍ? የተሸነፈ ሰው በማግስቱ ሊፍቱ ፊቱን ያዞርበታል። ስንቅነሽ አንድ ቀን ሱቅ በር ላይ ከማታውቀው ሰውዬ ጋር ስትገባበዝ ሱቁ ተዘግቶባቸው፣ ሁለቱም ዳቦ ሳይገዙ፣ በትሕትና እጅ ተነሣሥተው ተለያይተዋል።

ያለፈው ሚያዝያ ፍተሻ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ደንቡ፣ ማንቂያው በተደወለ በስምንት ደቂቃ ውስጥ ነዋሪው በሙሉ መሬት ይርገጥ ይላል። በአርባ አንደኛው ደቂቃ ላይ መሬት የረገጡት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ከሦስቱም አንዱ ወዶ ሳይሆን ተገፍቶ ነው። ከዚያ መሐንዲሶች መጡ። በሮቹን ለኩ፣ «መጨናነቁ የመጣው ከበሮቹ ጥበት ነው» ብለው ጻፉ፣ ሰባቱንም በሮች በእጥፍ አሰፏቸው። በሩ ሲሰፋ ግብዣውም ሰፋ። ድሮ ሁለት ሰው ይገባበዝበት የነበረ በር ላይ አሁን አምስት ሰው ጎን ለጎን ተደርድሮ ይገባበዛል።

ሁለት ጊዜ የወደቀ ብሎክ ይታሸጋል። ተከራዮቹም በዕጣ ይበተናሉ፤ አንዱ ሞያሌ፣ አንዱ መተማ፣ አንዱ ስሙን እንኳ ሰምቶት ወደማያውቀው ከተማ። ስንቅነሽን ያስፈራት ይኼ ነበር። ሥራዋ ይቅርታ መጠየቅ ነው፤ ማሽን ሲሳሳት የተበደለው ሰው ማሽኑ ራሱ ይቅርታ ሲጠይቀው የባሰ ስለሚናደድ፣ ሰው ተቀጥሮለት ይቅርታ ይጠይቃል። በቀን ሁለት መቶ ያህል ይቅርታ ትጠይቃለች፤ አንዱም ጥፋት የሷ አይደለም። እንዲህ ውላ ስትመለስ «ስንቄ፣ መጣሽ?» የሚሏት የአምስተኛው ፎቅ ሰዎች ናቸው። አምና ሳንባዋን ታማ ስትተኛ፣ አልጋውን በፈረቃ የምትጋራት ሴትዮ ተራዋን ትታላት ሃያ ቀን ወንበር ላይ አድራለች። ከነዚህ ሰዎች በቀር በዓለም ላይ ማንም አልነበራትም። ይህን ለራሷም ነግራ አታውቅም ነበር፤ ያን ዕለት ጠዋት ግን የጥርስ ብሩሿን እንደያዘች ለራሷ ነገረች።

ተነሥታም ሥራዋን ጀመረች። የቤቶች ጽሕፈት ቤት ለተረኛ የሚልከው አንድ መዶሻ ነው። መቶ ሃያ ስድስት ደረጃ አለ፤ እያንዳንዷን እያንኳኳች ታዳምጣለች። ጤነኛ ብረት ይጮኻል፣ የታመመ ብረት ያስላል ተብላለች። ከአምስተኛው ፎቅ ወደ ታች ሦስተኛዋ ደረጃ ብቻ አሳለች፤ ይህንንም ለማወቅ መዶሻ አያስፈልግም ነበር። ያቺን ደረጃ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንም ረግጧት አያውቅም። አዲስ ተከራይ ሲመጣ ቁልፍ ከመቀበሉ በፊት «ሦስተኛዋን ዝለላት» ተብሎ ይመከራል። ስንቅነሽ በያጅ አስመጣች። ሰውየው ከግማሽ ቀን በላይ ሲበይዳት ውሎ፣ አሁን ዝሆን ይሸከማል ብሎ ምሎላት፣ ዕቃውን ይዞ ሲወርድ እሱ ራሱ ዘለላት።

ቀጥሎ ዕቃ ማንሣት ነበር። በየፎቁ በር ፊት ያለው ማረፊያ፣ ለሩጫ ባዶ መሆን ሲገባው፣ ቀስ በቀስ ኑሮ ገብቶበታል። የስድስተኛው ላይ በርበሬ ተሰጥቷል። የአራተኛው ላይ ፀጉር አስተካካዩ መስተዋትና ወንበር ተክሏል። እነዚህን ለምና፣ ተለማምጣ ለሐሙስ አስነሣች። የሦስተኛው ፎቅ ማረፊያ ላይ ግን ቢያድግልኝ የሚባል ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ከነፍራሹ ይኖራል፤ በሕጋዊ ውል፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በላስቲክ ጣሪያ ሥር። ፍራሹን ለአንድ ሰዓት ብቻ እንዲያነሣላት ጠየቀችው።

«ደንቡ ዕቃ ይነሣ ነው የሚለው» አላት ጋደም እንዳለ። «እኔ ተከራይ ነኝ እንጂ ዕቃ አይደለሁም።»

«እሳት ቢነሣ ምን ልትሆን ነው?»

«እኔማ ደረጃው ላይ ነኝ፤ አምልጫለሁ።»

ይህን ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እውነቱን ነበርና ስንቅነሽ ፍራሹን ተሻግራ ወረደች።

ሰኞ ዕለት አንድ ዘዴ መጣላት። ማን ማንን እንደሚቀድም በወረቀት ከተጻፈ፣ የቀደመው ሰው ታዞ ቀደመ እንጂ ደፍሮ ቀደመ አይባልም። ስለዚህ ነዋሪውን በዕድሜ ደርድራ፣ ታላቅ ከፊት ታናሽ ከኋላ አድርጋ፣ ስም ዝርዝሩን በየፎቁ ለጠፈችው። ችግሩ ዕድሜው ከመዝገብ መወሰዱ ነበር። ሥራ ፍለጋ ዕድሜያቸውን የቀነሱ አሉ። ከሰማንያ በላይ ለሆነ ሰው በነፃ የሚገጠመውን አዲስ ጉልበት ፍለጋ የጨመሩም አሉ። ፀጉር አስተካካዩ ከገዛ ልጁ በሁለት ዓመት አንሶ ተገኘ። ጠዋት የተለጠፈው ወረቀት ከምሳ በፊት ተቀደደ፤ በሱ ሰበብ የተኳረፉ ሰዎችም እስከ ሐሙስ አልታረቁም።

የነገሩ ቁልፍ ግን ሰባተኛው ፎቅ ላይ ነበር። እዚያ አባባ ጉልላትና እማማ ዘርትሁን ይኖራሉ፤ አባባ ሰማንያ ስምንት፣ እማማ ሰማንያ ስድስት፤ የሁለቱም ዕድሜ እውነተኛ ነው። ከሰማንያ በላይ የሆነ ሰው ነጥብ አይቆጠርበትም፤ ሊፍቱም ያለ ጥያቄ ይከፍትለታል። እንግዲህ በዚያ ሕንፃ ውስጥ በር ላይ መቆም ምንም የማይጠቅማቸው ሁለት ሰዎች ቢኖሩ እነሱ ናቸው። ከሁሉ የባሱትም እነሱ ነበሩ። አንዴ ለጥምቀት ሊወጡ ተነሥተው፣ በሩ ላይ ሲገባበዙ ታቦቱ ገብቶ ተመልሰዋል። ሌላው ሰው በነጥብ ምክንያት የሚያደርገውን እነሱ ከልባቸው ያደርጉታል፤ ከልብ የሆነ ነገር ደግሞ መድኃኒት የለውም።

ስንቅነሽ ማክሰኞ ሄዳ፣ ሐሙስ ሳይገባበዙ እንዲወጡ ለየብቻ ለመነቻቸው። አባባ ጉልላት አርባ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ሹፌር ሁሉን አውርዶ፣ ወንበር ሥር ዕቃ የረሳ እንዳለ አይቶ፣ መጨረሻ ላይ ነው የሚወርደው፤ አሁን በስተርጅና ልማዴን አታስጥይኝ አሏት። እማማ ዘርትሁን ደግሞ አዋላጅ ነበሩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሥራዬ ሌላውን ማስወጣት ነበር እንጂ እኔ መውጣት አልነበረም አሏት። ቤቱ ሊታሸግ እንደሆነ፣ ሁሉም ሊበተን እንደሆነ ስትነግራቸው ሁለቱም አዘኑ፤ ሁለቱም ለአንቺ ስንል እሺ አሉ። እሺ ይበልጣል ከሺ ይባላል። ነገር ግን ስንቅነሽ እሺ የሚለው ቃል ስንት ጊዜ የእምቢታ ልብስ እንደሚሆን ከሥራዋ ታውቃለች።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ፍተሻው በአራት እግሩ መጣ። የሚፈትሸው ማሽን ቁመቱ የፍየል ያህል ነው፤ ደረጃ ላይ ሲወጣም እንደ ፍየል ስለሆነ ሰው ሁሉ «ፍየሏ» ነው የሚለው። ሚያዝያ ላይ «ውረዱ!» ብላ ሽማግሌ አስቆጥታ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጽሕፈት ቤቱ ጨዋነት አስተምሯታል። በዚህ ጊዜ በር ላይ ቆማ እንዴት ሰነበታችሁ አለች፤ ልጆቹን ጠየቀች፤ አዝመራውን ጠየቀች፤ ብሎክ መቶ ሰባት ውስጥ ላም ታይታ ባታውቅም ከብቱንም ጠየቀች። ከብቱ ደህና ነው ተባለች።

ከዚያ ደረጃዎቹን አንድ በአንድ እየረገጠች ወጣች፤ ስንቅነሽም መዶሻዋን ይዛ ከኋላዋ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቢያድግልኝን ለረጅም ጊዜ አየችውና «ተንቀሳቃሽ ነዋሪ» ብላ መዝግባው አለፈች። የተበየደችው ደረጃ ላይ ስትደርስ ደግሞ ቆመች። ይህች ደረጃ ከሁሉም ይልቅ ጤነኛ ናት፤ ለምንድን ነው የሰው እግር ያልነካት ብላ ጠየቀች። ስንቅነሽ ልማድ ነው አለቻት። ፍየሏ ይህንንም መዘገበች።

ሰባተኛው ፎቅ ሲደርሱ ማንቂያው ጮኸ።

በሰባቱም ፎቅ በሮቹ ተከፈቱ፤ በሰባቱም ፎቅ ሰው በር ላይ ደርሶ ቆመ። ከታች እስከ ላይ «ይቅደሙ»፣ «ኧረ በፍጹም»፣ «እርስዎ እያሉ?»፣ «በሞቴ» የሚል ድምፅ እንደ ንብ ቀፎ ይተማል። አምስተኛው ፎቅ ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር ቅድሚያ ተሰጥቷት ነበር፤ እሷ ግን ሕፃን ላዘለችው ለቀቀች፣ ሕፃን ያዘለችው ምርኩዝ ለያዘው፣ ምርኩዝ የያዘው መልሶ ለነፍሰ ጡሯ። ሰባተኛው ላይ አባባ ጉልላትና እማማ ዘርትሁን በሰፊው በር ግራና ቀኝ ቆመው እጃቸውን ወደ ደረጃው ዘርግተዋል። ከኋላቸው አሥራ ዘጠኝ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል።

«አንድ ደቂቃ አልፏል፤ ይቅርታ» አለች ፍየሏ። ቆየት ብላም «ሁለት ደቂቃ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች።

ስንቅነሽ መዶሻዋን ደረጃው ላይ አስቀመጠች። እንባዋ መጣ። ዓይኗን ስታብስ፣ እማማ ዘርትሁን በዚያ ሁሉ መሀል እንግዳዪቱን ዞር ብለው አይተው «ይቺ ልጅ ምንም ሳትቀምስ ልትሄድ ነው እንዴ?» ሲሉ ሰማች።

ልትሄድ ነው የሚለው ቃል ስንቅነሽ ጆሮ ውስጥ ቀረ። እንግዳ ሊሄድ ሲነሣ ይህ ሕዝብ ምን ያደርጋል? አብሮት ይነሣል። ሸኚ ደግሞ ቀደመ፣ ተከተለ አይባልም፤ ደንቡም አይቆጥርበትም። አጎንብሳ በፍየሏ ጆሮ፣ ማለት ጆሮ በሚሆነው ቦታ፣ ተናገረች።

«ተሰናበቺያቸው።»

«ፍተሻው አላለቀም። መሄድ አልችልም» አለች ፍየሏ።

«ሂጂ አላልኩሽም። ተሰናበቺ ነው ያልኩሽ።»

ፍየሏ መብራቷን እያርገበገበች ለጥቂት ሰከንድ አሰበች። የተማረችውን ጨዋነት ሁሉ አገላብጣ ስታይ፣ በዚህ አገር በመሰናበትና በመሄድ መካከል በአማካይ አርባ ደቂቃ እንደሚያልፍ፣ ስለዚህም መሰናበት መሄድ እንዳልሆነ አገኘች። ወደ ደረጃው ዞረችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «በሉ እንግዲህ፣ ደህና ሁኑ» አለች። መውረድም ጀመረች።

«ኧረ! ብቻዋን?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብሎክ መቶ ሰባት ገና ለልጅ ልጅ ያወራዋል። አሥራ ዘጠኙ ሰው «ይቅርታ አባባ፣ ይቅርታ እማማ፣ እንግዳ ልንሸኝ ነው» እያለ በሁለቱ ሽማግሌዎች መሀል ፈሰሰ። ፍየሏ በየፎቁ በር ስታልፍ «ደህና ሁኑ» ትላለች፤ በየፎቁ ያለው ሰውም ሳይሸኝ እንዳይቀር ግብዣውን ጥሎ ይወጣል። ነፍሰ ጡሯ፣ ሕፃን ያዘለችውና ባለምርኩዙ አንድ ላይ ወጡ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ፣ ደንበኛው ግማሽ ራሱን ተላጭቶ፣ ሁለቱም ወረዱ። ቢያድግልኝ እንኳ እንግዳ ተጋድሞ አይሸኝም ብሎ ፍራሹን ጠቅልሎ ትከሻው ላይ ጣለና ተከተለ። ሦስተኛዋ ደረጃ ላይ ሲደርሱ አንድ በአንድ ይዘሏታል፤ በዘለሉ ቁጥር ብረቱ በሙሉ ይንቀጠቀጣል።

ስንቅነሽ ስልኳን አየች። አምስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። መሬት ያልረገጡት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዷ እሷ ናት፤ ተረኛ መጨረሻ ነው የምትወርደው።

«እንግዳዪቱ ሄደች እኮ፤ ይቅደሙ» አሉ አባባ ጉልላት።

«እርስዎ ይቅደሙ እንጂ» አሉ እማማ ዘርትሁን። «የወንድ ሸኚ አይታጣ።»

«እርስዎ ቆመው? ምን ቆርጦኝ!»

«በሞትኩት።»

«እኔ ልሙት።»

ስድስት ደቂቃ ሆነ። ስንቅነሽ እባካችሁ አለች፤ አልሰሟትም። ቃል ገብታችሁልኝ ነበር አለች፤ ሁለቱም ቃሌን መጠበቄ ነው፣ ይቅደሙ እያልኩ ነው አሏት። ከታች መቶ አርባ ሰው ፍየሏን ከቦ ወደ ላይ ያንጋጥጣል። የአልጋ ተጋሪዋን ፊት በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ለየችው፤ ያቺ ሴትዮ ሃያ ቀን ወንበር ላይ ያደረችላት ናት፤ ነገ ሞያሌ ልትላክ ነው።

እናም ስንቅነሽ ቱፋ በዕድሜዋ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች። ይቅርታ ሳትል፣ አንገቷን ሳትሰብር፣ በሁለቱ ሽማግሌዎች መሀል ትከሻዋን አስገብታ፣ የአባባ ጉልላትን ባርኔጣ በክርኗ አጣማ አልፋቸው ሄደች።

ከኋላዋ የእማማ ዘርትሁን ድምፅ መጣ።

«አዩአት?»

«አየኋት» አሉ አባባ ጉልላት።

«የማን ልጅ ናት? እንዲህ ያለች ባለጌ ኖራለች እንዴ በዚህ ቤት? ቁሚ አንቺ!»

ስንቅነሽ አልቆመችም። ለእማማ ዘርትሁን አዲስ ጉልበት ከተገጠመላቸው ሁለት ዓመት ቢሆነውም እስከዚያ ቀን ድረስ ከወንበር ለመነሣት እንጂ ለሌላ ነገር አልተጠቀሙበትም ነበር። የአባባ ጉልላት አንዱ ጉልበት አዲስ፣ አንዱ የድሮ ነው፤ ሲወርዱ አንዱ እግራቸው ሲሮጥ ሌላው ይጎተታል። ሆኖም ወረዱ። እየተሳደቡ፣ ነጠላ እየተጎተተ፣ ባርኔጣ እንደተጣመመ፣ መቶ ሃያ አምስት ደረጃ ረግጠው አንዷን ዘለው ወረዱ። በሩን ማን ቀድሞ እንዳለፈ ሁለቱም እስከ ዛሬ አያስታውሱም፤ ስንቅነሽም ወደ ኋላ አላየችም።

«ሰባት ደቂቃ ከሃምሳ አንድ ሰከንድ» አለች ፍየሏ። «አልፋችኋል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

እልልታው ለሽኝት ይሁን ለፍተሻው አልታወቀም። ሰዉ ፍየሏን እስከ ግቢው በር ሸኛት፤ ከግቢው በር እስከ አስፋልቱ። እሷም በተራዋ፣ የተማረችው ነውና፣ ብቻችሁን አትመለሱም ብላ ሰዉን መልሳ እስከ ሕንፃው ሸኘች። እንደገና ሸኟት። በዚህ መሀል ስንቅነሽ ከደረጃው ሥር አንገቷን ደፍታ የሁለቱን ሽማግሌዎች ቁጣ ትሰማ ነበር። አስተዳደጓን ጠየቁ፤ አገሯን ጠየቁ፤ እንዲህ ዓይነት ዘመን ላይ ላደረሳቸው አምላክ አቤት አሉ። በመጨረሻም አባባ ጉልላት፣ ባርኔጣቸውን እያቃኑ፣ ቢያንስ ይቅርታ በይ እንጂ አሏት።

ስንቅነሽ አፏን ከፈተች። በቀን ሁለት መቶ ጊዜ የሚወጣው ቃል አልወጣም። ደግማ ሞከረች። አልጸጸታትም ነበርና አልወጣም። በርቀት የአምስተኛው ፎቅ ሰዎች፣ ሁሉም በሙሉ፣ አንድም ሳይጎድል፣ ፍየሏን ከበው ሲስቁ ታያለች። «አልልም፣ አባባ» አለች። አባባ ጉልላትም በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው እንዲህ ያለ መልስ ሰምተው ስለማያውቁ የተቃናውን ባርኔጣ መልሰው አጣመሙት።

ከሰዓት በኋላ ስልኳ እንኳን ደስ አለሽ አላት፤ ብሎክ መቶ ሰባት ፍተሻውን አልፏል። ወዲያውም ሁለተኛ መልእክት ተከተለ። ሁለት ታላላቆችን በአንድ ጊዜ በመቅደሟ፣ የአንዱን ባርኔጣ በማጣመሟና ስትጠየቅ ይቅርታ ባለማለቷ ነጥቧ ወደ አሥራ አራት ወርዷል። ሊፍቱ ለስድስት ወር አይከፍትላትም። መልእክቱ ከሥሩ የውጭውን ደረጃ መጠቀም እንደምትችል፣ ደረጃውም በቅርቡ ተመርምሮ ደህና ሆኖ መገኘቱን ይገልጻል።

ስንቅነሽ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ሳቀች፤ ከዚያ ትንሽ አለቀሰች። ሽማግሌዎቹ እንዳኮረፏት መቅረታቸው ከሊፍቱ ይልቅ ከብዷት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቦርሳዋን አንግታ የአምስተኛውን ፎቅ የውጭ በር ከፈተች። ማረፊያው ላይ አባባ ጉልላት ባርኔጣቸውን አቃንተው ቆመዋል። ከሳቸው አንድ ደረጃ ከፍ ብለው እማማ ዘርትሁን ነጠላቸውን አጣፍተዋል። ሊፍቱ የሚከፈትላቸው ሰዎች ከሰባተኛው ፎቅ በእግራቸው ወርደው ነው የመጡት። ስንቅነሽ ደነገጠች፤ ሁለተኛው ዙር ተግሣጽ መስሏት ነበር።

«ሊፍቱ ዘጋብሽ አሉ» አሉ አባባ ጉልላት።

«ዘጋብኝ፣ አባባ።»

«እንግዲያው ልንሸኝሽ ነው።»

ስንቅነሽ ኧረ ሥራ ነው የምሄደው፣ ማታ እመለሳለሁ አለች። ቢሆንም አሉ እማማ ዘርትሁን፤ ዓይናቸው ቀላ ብሎ ነበር። ስንቅነሽ እንደ ልማዷ ወደ ጎን ሸሸት አለችና እጇን ወደ ደረጃው ዘረጋች።

«እርስዎ ይቅደሙ፣ አባባ።»

አባባ ጉልላት እጇን አዩት። እማማ ዘርትሁንን አዩአቸው። እማማ ዘርትሁን ሰማይ ሰማዩን ያያሉ።

«ቅደሚ» አሏት። «አንቺ መቅደም ታውቂበታለሽ።»

ስንቅነሽ ቀደመች። ሦስተኛዋን ደረጃ ረገጠቻት፤ ደረጃዪቱም ጮኸች እንጂ አላሳለችም። እየሳቀች እስከ መሬት ወርዳ ዞር ስትል ግን ከኋላዋ ማንም የለም። ከላይ፣ ከአምስተኛው ፎቅ ማረፊያ፣ «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ»፣ «በሞቴ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ሸኚን ጥሎ መሄድ ነውር ስለሆነ ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ ጠበቀቻቸው።

ሥራዋ የደረሰችው አርባ ደቂቃ ዘግይታ ነው። በዚያን ቀን ከጠየቀቻቸው ሁለት መቶ ይቅርታዎች የመጀመሪያው የራሷ ነበር።